ወደ ቅዱስ ቴጉ፣ በሁለት ቤት ሻይ በኩል

ፔንሄሊ መንደር፣ ዌልስ
ኤፕሪል 3 ቀን 1974

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ክሌመንት አስፒናል፣ የሀገረ ስብከቱ የሕንፃዎች ተቆጣጣሪ፤

ደብዳቤዎ ማክሰኞ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ በመነጽር፣ አንዴ ያለ መነጽር፣ አንዴ ደግሞ በንዴት። የተናደድኩት በእርስዎ አይደለም፣ እርስዎ የታዘዙትን ነው የሚሠሩት። የተናደድኩት አብሮ በመጣው ቅጽ ነው።

በሰባተኛው ጥያቄ፣ ጤነኛ ሰው ከመኪናው መንገድ ተነሥቶ ያለማንም እርዳታ የቅዱስ ቴጉ ቤተ ክርስቲያን መድረስ ይችላል ወይ ላሉት፣ መልሴ «ይችላል» ነው። ደሴት ላይ ስለሆነ ባሕሩ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ቢሆንም ውኃው ሲሸሽ አሸዋው ሦስት ሰዓት ሙሉ ደረቅ ነው። ቅዱሱ ራሱ የተሻገረው በባዶ እግሩ ነው ይባላል፤ ቅጽም አልሞላም።

«አይደረስበትም» ከተባለ ቤተ ክርስቲያኑ እንደሚዘጋ፣ መቃብሩም አብሮ እንደሚዘጋ ጽፈዋል። እኔ የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ብቻ ብሆን ኖሮ እከራከርዎት ነበር። ግን ባለቤቴ ግዊሊም ከደቡቡ ግድግዳ ሥር ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አጠገቡ የኔ ቦታ አለ። ድንጋዩ ላይ ስሜና የተወለድኩበት ዓመት ተቀርጾ አልቋል፤ የቀረው መጨረሻው ብቻ ነው። እሱን ለማስሞላት አልቸኩልም። ነገር ግን በሰባ ስምንት ዓመቴ ከማላውቀው ሰው ጎን ሄደሽ ተኚ አይበሉኝ። አርባ አራት ዓመት ያንኮራፋብኝን ሰው ለምጄዋለሁ።

ስለዚህ መጥተው በዓይንዎ ይዩት። ከአውቶቡሱ ቀዩ የፖስታ ሣጥን ጋ ይውረዱ። አረንጓዴውን በር ከፍተው ይግቡ፤ ሲገቡ መልሰው ይዝጉት። በላይኛው መንገድ መጀመሪያ የፓሪ እኅትማማቾችን ቤት ያገኛሉ፤ ቀጥሎ የኢድዋልን። የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ የተሰቀለው ኢድዋል ደጃፍ ነው። ከዚያ ወዲያ አሸዋው ላይ ነጭ እንጨቶች ተተክለዋል፤ እነሱን ይከተሉ። በዚህ ወር በአሥራ ሦስተኛው ቀን መንገዱ ከአምስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ክፍት ነው።

ሻይ ከጋበዙዎት እንቢ እንዳይሉ። እዚህ አገር የሰው ደጃፍ አልፎ ሻይ ሳይጠጣ የሚሄድ ወይ ቀረጥ ሰብሳቢ ነው ወይ ሌባ። አንዳንድ ሲኒ ብለው ይነሡ።

አክባሪዎ፣
ኤሊኔድ ፕሮዘሮ


የሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት
ኤፕሪል 16 ቀን 1974

ለወይዘሮ ኤሊኔድ ፕሮዘሮ፤

ለደብዳቤዎና ለመንገድ ምሪትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። አልደረስኩም።

እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልንገርዎ። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ በፓሪ እኅትማማቾች ደጃፍ ሳልፍ በሩ ሳላንኳኳ ተከፈተ። የመጀመሪያውን ሲኒ ታላቂቱ ወይዘሪት ኔስታ ቀዱልኝ። ታላቅ ከቀዳ ታናሽም መቅዳት አለባት ተብሎ ሁለተኛውን ወይዘሪት ኦልዌን ቀዱልኝ። ሦስተኛው የመንገድ ነው ተባልኩ። ከሦስቱ ጋር የዘቢብ ዳቦ፣ ቅቤና የሟች አባታቸው የመርከብ ካፒቴንነት ታሪክ ነበረ፤ ታሪኩ ገና ሕንድ ውቅያኖስ ሳይደርስ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሆነ።

አቶ ኢድዋል በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ቁልፉን ስጠይቀው ወደ ፓሪዎቹ ቤት በአገጩ አመለከተ።

«እዚያ ስንት ጠጣህ?» አለኝ።

እኔ የቤተ ክህነት ሠራተኛ ነኝ፤ አልዋሽም። ሦስት አልኩት። አራት ቀዳልኝ። አምስተኛ እንደሚጨምርልኝ ሲነግረኝ በጓሮ በኩል ወዳለው ትንሽ ቤት መሄድ ግድ ሆነብኝ፤ ከዚያ ስመለስ ስምንት ሰዓት ከሃያ ነበር። ነጮቹ እንጨቶች እስከ አንገታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው አየኋቸው። ቤተ ክርስቲያኑን ከስድስት መቶ ሜትር ርቀት ተመለከትኩ፤ ጣራው ደህና ይመስላል።

በደንባችን ሦስት ጊዜ ሞክሮ ያልደረሰ ተቆጣጣሪ «አይደረስበትም» ብሎ መጻፍ ግዴታው ነው። አንዱ ሄዷል። እርስዎ የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ እንደመሆንዎ በሚቀጥለው ጉዞ አብረውኝ ቢሻገሩ ነገሩ የሚቀል ይመስለኛል። ይመቸዎታል?

የፓሪ እኅትማማቾች ባለቤትዎ አብረው አይመጡም ወይ ሲሉኝ እንደነገርኳቸው፣ ባለትዳር አይደለሁም። ብቻዬን መጓዝ ለምጃለሁ።

ይህን የምትተይብልኝ ወይዘሪት ሃላም አራተኛው ሲኒ ላይ ስትደርስ በሳቅ መተየቧን ስላቋረጠች ለደብዳቤው መዘግየት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ክሌመንት አስፒናል


ፔንሄሊ
ኤፕሪል 22 ቀን 1974

ለተከበሩ አቶ አስፒናል፤

ጥፋቱ የኔ ነው። ስለ ጎመኑ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የኢድዋል በግ አጥር ዘሎ፣ የፓሪ እኅትማማቾች ለአውራጃው የአትክልት ውድድር ያሳደጉትን ጎመን በላው። ውድድሩ ሊደረግ አንድ ቀን ነበር የቀረው። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ቤት መካከል «እንደምን አደራችሁ» የለም። የሚፎካከሩት በእንግዳ ነው። አንዱ ቤት የበላ ሰው ሌላው ቤት አንድ ጉርሻ ጨምሮ መብላት አለበት። ባለፈው ዓመት ሬዲዮ ሊጠግን የመጣ ሰው ሬዲዮኑን ሳያይ ነው የተመለሰው።

አሁን መላ አለኝ። በአረንጓዴው በር አይግቡ። ከፖስታ ሣጥኑ ወደ ግራ ታጥፈው በታችኛው መስክ ይውረዱ፤ ከሁለቱም ቤት አይታዩም። ቁልፉን እኔ በፖስተኛው አስመጥቼዋለሁ፤ ይኸው በዚህ ፖስታ ውስጥ ነው። ሜይ 11 ቀን መንገዱ ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ክፍት ነው።

አብሬዎ እንድሻገር ስለጠየቁኝ በጣም አመሰግናለሁ። በዚያ ሳምንት የብርቱካን ማርማላታ እሠራለሁ፤ ማርማላታ ደግሞ እሳት ላይ ጥለውት የሚሄዱት ነገር አይደለም። በሚቀጥለውም ሳምንት እንደዚሁ።

ሲደርሱ ግን አንድ ነገር ይዩልኝ። የግዊሊም ድንጋይ ወደ ጎን አዘንብሎ እንደሆነ፣ የድንጋይ ሽበት አብቅሎም እንደሆነ ይጻፉልኝ። በክረምቱ ነፋስ ጠንክሮ ነበር።

ኤሊኔድ ፕሮዘሮ


የሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት
ሜይ 14 ቀን 1974

ለወይዘሮ ፕሮዘሮ፤

ስለ ድንጋዩ ልነግርዎ አልቻልኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የታችኛው መስክ ከሩቅ ሲያዩት ሣር ነው። ሠላሳ እርምጃ ያህል ከሄድኩ በኋላ ግን እስከ ጉልበቴ፣ ቀጥሎ እስከ ወገቤ ጭቃ መሆኑን ተረዳሁ። ቦርሳዬን ከራሴ በላይ ይዤ ቆምኩ። ከሁለቱም ቤት አልታይም ብለው ነበር፤ የፓሪ እኅትማማቾች ግን የአባታቸውን የመርከብ መነጽር ፎቅ ላይ ተክለዋል፤ ከአውቶቡስ ስወርድ ጀምሮ ሲከታተሉኝ ነበር አሉ።

እነሱ የትራክተር ባለቤት አይደሉም። ትራክተር ያለው ኢድዋል ነው። ወይዘሪት ኔስታ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያላለፉትን አጥር አልፈው ሄደው የኢድዋልን በር መቱ። ያሉትን በኋላ ራሱ ነገረኝ።

«በግህ የጀመረውን አንተ ጨርስ። ጭቃው ውስጥ ሰው አለ።»

በገመድ ጎትተው አወጡኝ። ከዚያ የኔን ሱሪ ማን ያድርቅ በሚለው ነገር ተጣሉ። ወይዘሪት ኦልዌን ምድጃችን ይሞቃል አሉ፤ ኢድዋል በትራክተሬ የወጣ ሱሪ የኔ ነው አለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልተነጋገሩ ሰዎች አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጡ ሲነጋገሩ፣ እኔ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ መካከላቸው ተቀምጬ ነበር። ሻዩን እዚያው መስክ ላይ አመጡት፣ ከሁለቱም ቤት። መጨረሻ ላይ የኢድዋልን ሟች አባት ሱሪ ለብሼ በአውቶቡስ ተመለስኩ። እኚህ ሰው ግዙፍ ነበሩ።

ሁለተኛው ጉዞ ስለዚህ አለፈ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ መልቀሙንም አልደረስኩበትም።

አንድ ሌላ ነገር። ኢድዋል ስለ እርስዎ ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት ወይዘሪት ኔስታ እግሩን ረገጡት። እርስዎም በቅጹ ላይ ስምንተኛውን ጥያቄ ባዶ ትተውታል። ማርማላታ ደግሞ ብርቱካኑ የሚገባበት የጃንዋሪ ሥራ እንጂ የሜይ አለመሆኑን ወይዘሪት ሃላም ነግራኛለች። ወይዘሮ ፕሮዘሮ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ የሄዱት መቼ ነው?

ክሌመንት አስፒናል


ፔንሄሊ
ሜይ 20 ቀን 1974

አቶ አስፒናል፤

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። የኔ ስንቅ አልቋል።

ከሄድኩ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ዳሌዬ ነው። በቤት ውስጥ በምርኩዝ እዞራለሁ፤ አሸዋው ላይ ግን ምርኩዙ ይሰምጣል። አንድ ቀን ሞክሬ ሦስተኛው ነጭ እንጨት ጋ ወደቅኩ፤ ኢድዋል ባያየኝ ኖሮ ከግዊሊም በፊት ባሕሩ ይወስደኝ ነበር። ማንም እንዳይናገር ኢድዋልንም ፓሪዎቹንም አስማልኳቸው። ያኔም ቢሆን በየፊናቸው ነው የማሉልኝ፣ አንድ ላይ አልቆሙም።

በየዓመቱ ለጽሕፈት ቤቱ «ሁሉም ደህና ነው፣ ጎበኘሁት» ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። ከፎቅ መስኮቴ የሚታየኝ ጣራው ብቻ ነው። ስምንተኛው ጥያቄ አረጋዊና አቅመ ደካማ ሰው መድረስ ይችላል ወይ ይላል። «አይችልም» ብዬ ብጽፍ በእጄ መቃብሬን የምዘጋ መሰለኝ። «ይችላል» ብዬ ደግሞ ለመጻፍ ብዕሬን ሳነሣ ያ አሸዋ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ተውኩት።

ግዊሊምን ናፍቄዋለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ሰው ለሞተ ሰው ስድስት ዓመት መናፈቅ ቅብጠት ይመስለዋል። እዚህ ሆኜ ጣራውን እያየሁ ደህና እደር እለዋለሁ። እሱ ግን ድሮም ከሩቅ ሲጠሩት አይሰማም ነበር።

ጁን 15 የቅዱስ ቴጉ ዓመታዊ በዓል ነው፤ ቄሱ ከከተማ ይመጣሉ። መንገዱ ከአራት ሰዓት እስከ ሰባት ክፍት ነው። ሦስተኛውን ጉዞዎን በዚያ ቀን ያድርጉት። በላይኛው መንገድ ይምጡ፣ ሻዩንም ይጠጡ፤ የሚሆነው ይሆናል። ሥራዎ የሚያዝዎትን ይጻፉ፣ አልቀየምዎትም። ትንሽ ብቻ እቀየም ይሆናል።

ኤሊኔድ


ጁን 7 ቀን 1974

ውድ ወይዘሮ ኤሊኔድ፤

ይህን በእጄ የምጽፈው የቢሮ ደብዳቤ ስላልሆነ ነው።

ጁን 15 ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወፍራም ካፖርት ለብሰው ደጃፍዎ ላይ ይቁሙ። ምርኩዝዎን ይያዙ፤ እግርዎን ግን አያስቡት።

ለኢድዋልና ለፓሪ እኅትማማቾች ጽፌላቸዋለሁ። ሁለቱም ቤት ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠዋል፤ ሁለቱንም ተቀብያለሁ። ሁኔታቸውን አይጠይቁኝ፣ ሲደርሱ ያዩታል። ስለ ሻዩ አንድ ሐሳብ መጥቶልኛል፤ ሰውን የሚያስቀረው ሻዩ ሳይሆን ሻዩ ያለበት ቦታ ነው።

የኢድዋል አባት ሱሪ ታጥቧል። ወይዘሪት ሃላም ተኩሳዋለች፤ እኔ አልጠየቅኳትም።

ክሌመንት


ፔንሄሊ
ጁን 19 ቀን 1974

ይድረስ ለክሌመንት፤

ከእንግዲህ አንተ እልሃለሁ። በሰባ ስምንት ዓመቴ ትራክተር ተጎታች ላይ ያስቀመጠኝን ሰው እርስዎ ብል ራሴንም ያስቀኛል።

በመጀመሪያ ይቅርታህን እጠይቃለሁ። ሁለት ወንበር ሲጫን ሳይ የጮህኩብህ ቅድመ ሁኔታቸው ያ መሆኑን ባለማወቄ ነው። ስሄድ በፓሪዎች ወንበር፣ ስመለስ በኢድዋል ወንበር! የማንኛው ይመቻል ብለው እስከ ዛሬ ሁለቱም እየመጡ ይጠይቁኛል። ለፓሪዎቹ የናንተ ይለሰልሳል አልኳቸው፣ ለኢድዋል ያንተ ቀጥ አድርጎ ያስቀምጣል አልኩት። ውሸት አይደለም፤ በቅጽም ቢጠይቁኝ እጽፈዋለሁ።

ሻዩን ደሴቱ ላይ ማስቀዳትህን ሳስበው እስከ አሁን ይገርመኛል። ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ለማንም አልታየውም፣ ለቅዱሱም ቢሆን። ፓሪዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ በር በቀኝ፣ ኢድዋል ከበሩ በግራ፤ በመንገድ የሚያስቀር ስለሌለ ሠላሳ አንድ ሰው በሰዓቱ ደረሰ። ቄሱ እንኳ ደረሱ፤ ከሁለት አንዱን ዓመት ኢድዋል ቤት ነበር የሚቀሩት።

ድንጋዩ አላዘነበለም። ሽበቱ ግን የግዊሊምን ስም ትቶ የኔን ብቻ ሸፍኖታል፤ አየህልኝ አይደል? እኔ ገና በሕይወት እያለሁ! ኦልዌን በብሩሽ ስታጸዳልኝ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የጎመኑን ጠብ መብረድ ነገርኩት። አለቀስኩ። ነፋሱ ነው አልኩህ፤ አንተም አዎ፣ ነፋሱ ነው አልክ። ቀኑ ቅጠል እንኳ የማይነቀነቅበት ቀን ነበር። ስለዚያ አመሰግንሃለሁ።

ስትሄድ ቅጹ ላይ ምን እንደምትጽፍ አልጠየቅኩህም። ያንን ቀን ላበላሸው አልፈለግኩም። አሁን ግን አራት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁና እጠይቅሃለሁ። እውነቱን ጻፍ፤ ብቻ ቶሎ ንገረኝ።

ኤሊኔድ


የሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት
ጁላይ 2 ቀን 1974

ውድ ወይዘሮ ኤሊኔድ፤

የዘገየሁት ውሳኔው በጽሑፍ እስኪወጣ ነው። ከሪፖርቴ የሚመለከትዎትን ቃል በቃል እገለብጥልዎታለሁ።

«ጥያቄ ሰባት። ጤነኛ ሰው ያለማንም እርዳታ መድረስ ይችላል ወይ? መልስ፦ አይችልም። ተቆጣጣሪው ጤነኛ ሆኖ ሁለት ጊዜ ሞክሯል። ወደ ቅዱስ ቴጉ ብቻውን የሚሄድ ሰው አይደርስም።

«ጥያቄ ስምንት። አረጋዊና አቅመ ደካማ መድረስ ይችላል ወይ? መልስ፦ ይደርሳል። ጁን 15 ቀን የሰባ ስምንት ዓመት ሴት በሁለት ወንበርና በሦስት ጎረቤት ደርሰው ሲመለሱ ተቆጣጣሪው በዓይኑ አይቷል።»

ደንቡ ከሁለቱ አንዱ «ይደርሳል» ከተባለ አይዘጋም ይላል። ሰባተኛው «አይደርስም»፣ ስምንተኛው «ይደርሳል» የተባለበት ቅጽ በዚህ ቢሮ ታሪክ የመጀመሪያው ስለሆነ አለቃዬ ሦስት ቀን ሲያገላብጡት ከረሙ። የሁለት ዓመቱን ሐሰተኛ ጽሑፍዎንም ነግሬያቸዋለሁ፤ እንዳልኩዎት አልዋሽም። ወቅሰውዎታል፤ የወቀሳው ደብዳቤ ተለይቶ ይደርስዎታል፣ ትንሽ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግን አይዘጋም። መቃብሩም አይዘጋም። ቀጣዩ ምርመራ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

ቦታዎ ቦታዎ ነው፤ የድንጋዩን ባዶ ቁጥር በችኮላ አያስሞሉት።

የኢድዋልን አባት ሱሪ በፖስታ ልልከው ነበር። ወይዘሪት ሃላም እንዲህ ያለ ሱሪ በሰው እጅ ነው የሚመለሰው ትላለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ክሌመንት


ፔንሄሊ
ጁላይ 6 ቀን 1974

ክሌመንት፤

ደብዳቤህን ለፓሪዎቹ አነበብኩላቸው፤ ኢድዋል አጥሩ ላይ ተደግፎ ሰማ። ኔስታ አቀፈችኝ፤ ዳሌዬን እስኪያመኝ ድረስ። ኢድዋል ሄዶ የመጀመሪያውን ነጭ እንጨት አዲስ ቀለም ሲቀባ ዋለ። የወቀሳውም ደብዳቤ ደርሶኛል፤ አጥፍቻለሁና ተቀብዬዋለሁ። ግዊሊም ጎን እንደምተኛ ካወቅሁ ወዲህ እንቅልፌ ተመልሷል።

አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አሥር ዓመት ሰጥታችሁኝ በማግስቱ ብሞት ሀገረ ስብከቱን ያታለልኩ ይመስላል። ስለዚህ ትንሽ እቆያለሁ።

ደሴቱ ላይ ከኢድዋል ሁለት ሲኒ፣ ከፓሪዎቹ አንድ መጠጣትህ እዚህ ተቆጥሯል። እርቁ ገና ለጋ ነውና መጥተህ አካክሰው። ጁላይ 27 መንገዱ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፤ ወንበሮቹም ተጭነው ይጠብቁናል።

ሱሪውን አምጣው። የተኮሰችውንም ይዘሃት ና። ብቻዬን መጓዝ ለምጃለሁ እንዳትለኝ፤ ብቻውን የሚመጣ ሰው እዚህ እንደማይደርስ በገዛ እጅህ ጽፈህ ፈርመሃል።

ኤሊኔድ